የትራምፔት ቫልቭ በጋራዥ ካሜራ ሲታይ

ትራምፔት ሲታፈን መጀመሪያ የሚወቀሰው ነፊው ነው። «ትንፋሽህ አልጠናም፣ ገና ነህ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከልጁ አይደለም። በጣት ሲጫን ቫልቩ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው ብረት፣ ማለትም ፒስተኑ፣ ያለው ቀዳዳ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ልክ ስላልገጠመ ነው። ይህን ቁጭ ብሎ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ያሉ መካኒኮች ካንዴላ ፈትተው ሲሊንደር ውስጥ የሚያስገቧት፣ ጫፏ ላይ መብራት ያላት፣ ከስልክ ጋር የምትገናኘው ቀጭን ካሜራ ትበቃለች።

መጀመሪያ ስለ ቫልቩ። ትራምፔት፣ ኮርኔት፣ ዩፎኒየምና ብዙ ቱባዎች የሚሠሩት በፒስተን ነው። ፒስተኑ ሲጫን አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ ያዞረዋል። መንገዱ ስለሚረዝም ድምፁ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በግማሽ ቶን፣ አንደኛው በአንድ ቶን፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል። ቫልቭን እ.ኤ.አ. በ1818 ፕራሻ ውስጥ በጋራ ያስመዘገቡት ሃይንሪሽ ስቶልትሰልና ፍሪድሪሽ ብሉሜል ናቸው። ዛሬ በእጃችን ያለው የፒስተን ዓይነት ግን የፓሪሱ ፍራንሷ ፔሪኔ ሥራ ነው፣ 1838። ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች፣ «አርባ ልጆች»፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ለዘመናዊው የማርሽ ባንድ ትልቅ መሠረት ጥለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፒስተኑ ከፍ ሲልም ሆነ ሲጫን የሚያቆመው ነገር አለ። ይኸውም ከሱፍ፣ ከቡሽ ወይም ከጎማ የተሠራ ሮንዴላ ነው። አንዱ ከላይኛው ክዳን ሥር ይቀመጣል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የት እንደሚቆም ይወስናል። ሌላው ከጣት መጫኛው ቁልፍ ሥር ነው፣ ሲጫን የት እንደሚቆም የሚወስነው። ሱፍ በጊዜ ብዛት ይጨፈለቃል፣ ይሳሳል። ስለዚህ አሮጌ ትራምፔት ላይ ፒስተኑ ወደ ላይም ወደ ታችም ከልኩ ያልፋል። የቱቦው ውስጥ ስፋት ወደ 11.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ካሜራዋ 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ብትሆን ይመረጣል፣ ያለችግር ትገባለች። የተጫነውን ቫልቭ ማየት ቀላሉ ነው፤ የዚያን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ አውጥቶ በባዶው ቀዳዳ ማስገባት፣ ቫልቩን ተጭኖ መያዝ። ያልተጫነውን ለማየት ግን በዚያ በኩል አይሆንም፣ የፒስተኑ ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። ያኔ ጎረቤቱን ፒስተን አውጥቶ፣ ከካሜራዋ ጋር የምትመጣውን ትንሽ መስታወት ጫፏ ላይ አድርጎ፣ ፒስተኑ በወጣበት ባዶ ቤት ውስጥ ሆኖ ወደ ጎን ማየት ነው። ሁለተኛውን ፒስተን ብታወጡት አንደኛውንም ሦስተኛውንም ከዚያው ሆናችሁ ታያላችሁ።

ልክ የገጠመ ቫልቭ ሙሉ ክብ ሆኖ ይታያል። ያልገጠመው ላይ የፒስተኑ ብረት በጠርዙ ብቅ ይላል፣ ልክ እንደ አዲስ ጨረቃ። ጨረቃዋ ከታች ከሆነች ፒስተኑ ከልኩ ከፍ ብሏል። ከላይ ከሆነች ደግሞ ዝቅ ብሏል። ወደ ጎን ከሆነች ሮንዴላውን ተዉት፣ ችግሩ ፒስተኑ እንዳይዞር የሚይዘው መሪ መበላቱ ነው። ካሜራዋ በእጅ ውስጥ ስለምትዞር ላይና ታቹ ይምታታል፤ ገመዷ ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉ።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የትምህርት ቤት ትራምፔት አብረን አይተን ነበር። ልጁ ሁለተኛውን በተጫነ ቁጥር ድምፁ ጉሮሮው የታነቀ ሰው ይመስላል። አዲስ አበባ ይላክ ተብሎ ነበር፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካሜራዋን ስናስገባ ከላይ ወፍራም ጨረቃ ታየን። ቁልፉን ፈታነው፣ ሥሩ ያለው ሱፍ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ከደብተር ወረቀት ቀለበት እየቆረጥን አንድ በአንድ ጨመርን፣ እያንዳንዱን ጨምረን እናያለን፣ ጨረቃዋ ትቀጥናለች፣ በመጨረሻ ጠፋች። ከዚያ በዚያው ልክ ከአሮጌ በርኖስ ጫፍ ሮንዴላ ቆረጥን። ልጁ ሲነፋ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። በርኖሱ ግን በጥቂት ወራት ተጨፈለቀ፤ ጠንከር ያለ ጎማ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥንቃቄውን አደራ እላለሁ። ከጋራዥ የተዋሳችሁት ካሜራ ጫፉ የሞተር ዘይት ይኖረዋል፣ በደንብ ጥረጉት። የብረት ጫፏ እንዳይቧጭር በናስትሮ ሸፍኑት። ካሜራዋ ቀዳዳው ውስጥ እያለች ቫልቩን አትልቀቁት፣ ሞላው ፒስተኑን አንስቶ ይቀረቅራታል። ፒስተኑን ደግሞ በፍጹም በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፣ አንዴ ከሰፋ አይመለስም።

እግረ መንገዳችሁን የቱቦውን ግድግዳ እዩት። አረንጓዴ ቆሻሻ በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይለቃል። ቀላ ያለ ነጠብጣብ ከታየ ግን ዚንኩ እየለቀቀ መዳቡ ብቻ እየቀረ ነው ማለት ነው፣ ያ በማጠብ አይድንም።

ፍሬንች ሆርንና የሚሽከረከር ቫልቭ ያለው ቱባ ካሜራ አያስፈልገውም። የቫልቩን የኋላ ክዳን ፍቱ፣ ሥሩ በሚዞረውም በማይዞረውም ክፍል ላይ የተቀረጹ ጭረቶች አሉ። ሲጫንም ሲለቀቅም ጭረት ከጭረት ከገጠመ ልክ ነው፤ ካልገጠመ ማቆሚያውን ቡሽ በምላጭ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ወይም መለወጥ ነው።