ሙቅ ካንዴላ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ያው ምክር ተመልሶ መጣ። «ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው፤ ሙቅ ካንዴላ ብታስገቡ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳላችኋል»። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። መካሪው መካኒክ ይሁን ሹፌር አላውቅም፣ አነጋገሩ ግን ጥርጥር የለበትም።

ካንዴላ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው፤ ይህን ታውቃላችሁ፣ አልደግምም። ኮይሉ (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚልከው) እስከሰጠ ድረስ ብልጭታው ያው ብልጭታ ነው። ሙቅ የሚባለው ካንዴላ የበለጠ ትኩስ እሳት አይተፋም። ልዩነቱ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ከቃጠሎው የተቀበለውን ሙቀት ለቴስታታው (ካንዴላው ለሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) በምን ያህል ፍጥነት ያስረክባል የሚለው ነው። ሸክላው ረዘም ብሎ ከተጋለጠ ሙቀቱ ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ጫፉ ላይ ይቆያል፤ ሙቅ ያሉት ይህን ነው። ሲያጥር ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፤ እሱ ቀዝቃዛው ነው።

ጋቢ በሉት። ጋቢ እሳት አያነድም፣ የለባሹን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ውስጥ ሙቁም ቀዝቃዛውም ካንዴላ እኩል በርደው ነው የሚያድሩት። ድንጋይ ላይ ጋቢ ብትደርቡ ድንጋዩ ይሞቃል? ጠዋት እምቢ ካለ ባትሪውን፣ ኮይሉን፣ የቤንዚኑን ነገር እዩ።

ደግሞ ጋቢው የሚመረጠው በአየሩ ሳይሆን በሥራው ነው። የኅዳር ውርጭ ላይ እንኳ የሚያርስ ሰው ጋቢውን አጥር ላይ ጥሎ ነው ሞፈር የሚይዘው። ጋቢ ለብሶ የሚውለው የተቀመጠ ሰው ነው። ሞተርም እንደዚያው። የካንዴላ ጫፍ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ውስጥ መዋል አለበት። ከዚያ በታች ጥላሸቱን ማቃጠል ያቅተዋል፤ በላይ ሲሆን ደግሞ ራሱ ፍም ሆኖ ብልጭታው ሳይመጣ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው። ሰው ሞልቶ፣ ዕቃ ጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ ያንን የሚወጣ ሞተር እያረሰ ነው፤ እናንተ ጋቢ ታለብሱታላችሁ። (ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሳ ለሚውል መኪና አንድ ደረጃ ሞቅ ያለ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። አንድ ደረጃ ብቻ፣ እሱም ሌላው ሁሉ ታይቶ።)

«ታዲያ ካንዴላዬ ጠቁሮ ለምን ይወጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ያለው እንደ ዲኤክስ ያለ መኪና ቆላ ላይ በተስተካከለበት ከመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። አየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካርቡራተሩን አስተካክሉ። ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጨው ኢንጀክሽን ያለው መኪና ራሱ ያስተካክላል፤ እሱ ላይ ከጠቆረ ሌላ በሽታ አለ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ እንኳ እገምታለሁ፤ ከናፍታ። የናፍታው ካንዴሌታ እውነትም ግሎ ነው ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው። ስማቸው ስለሚቀራረብ አንዱ የሌላውን ታሪክ ወሰደ። ስሙም አያግዝም፤ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው።

ካንዴላው ላይ የተጻፈው የሙቀት ደረጃ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ አለው። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ዴንሶም እንዲሁ ነው፣ ግን የኤንጂኬ 5 እዚያ 16 ይባላል፣ 6ቱ ደግሞ 20። ቦሽ ላይ ጭራሽ ይገለበጣል። «ከፍ ያለውን ስጠኝ» ብሎ ሱቅ የሚገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ እንግዲህ እሱ ያውቃል።

በቀደም አንድ ጋሼ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪ ሞተር ይዘው መጡ። የዓባይን ዳገት ሲወጡ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ያንኳኳል። ከፊት ያሉትን ሦስት ካንዴላዎች አወጣሁ፤ ሸክላቸው እንደ አመድ ነጭ፣ ጫፋቸው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የማያክሉ የቀለጠ ብረት ጠብታዎች። ሌላ ቦታ «ሙቅ» ተብሎ የገባላቸው ነው።

«ጋሼ፣ የኋላዎቹስ መቼ ተቀየሩ?»

«የኋላ ደግሞ አለው እንዴ?»

አለው። ሦስቱ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር፣ ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የሚታየውን ቀይሮ የስድስቱን ማስከፈል የተለመደ ነው። ማኒፎልዱን ሳያነሱ በጎን እጅ ሰድዶ መታገልም አለ፤ ሸክላው የሚሰበረው ያኔ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅሁ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ቢፈታ ጥርሱ ይላጣል። ማኒፎልዱን አንስቼ የተከፈቱትን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ደፈንኩ፣ የካንዴላውን ጉድጓድም ሳልፈታ በፊት በኮምፕሬሰር ነፋሁት። ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሌላ ወሬ ነው።

አዲሱን ስመልስ መጀመሪያ ቁልፍ አልነካሁም። የቤንዚን ጎማ ቁራጭ ካንዴላው ራስ ላይ ሰክቼ በጣቴ ነው ያዞርኩት፤ ጥርሱ ጠሞ ከያዘ ጎማው ይንሸራተትና ይነግራችኋል። ቀለበቱ ከነካ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ፣ በቃ። እዚህ ጋ «ጥብቅ አድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ስድስቱም ፋብሪካው ያዘዘው ደረጃ ሆኑ። ለማኒፎልዱ አዲስ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚደፍነው) ገባ። የኋላዎቹን እንግዲህ ለዓመታት ማንም ስለማያያቸው፣ ቁጥሩንና ቀኑን ኮፈኑ ሥር በነጭ ቀለም ጻፍኩላቸው።