በረዶ በጎጃም

ሰሜኑ ዓለም በክረምቱ የሚያውቀው ለስላሳ በረዶ በጎጃም ከተሞች አይወርድም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር፣ እንጅባራ ወደ 2,500 ሜትር፣ ባሕር ዳርም በጣና ዳርቻ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በእነዚህ ከተሞች ሜዳውን ለአንድ አፍታ የሚያነጣው ከነጎድጓዳማ ዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጣር በረዶ ነው። በረዶው ራሱ እንግዳ ባይሆንም፣ መሬቱን እስኪያለብስ መውረዱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

ለስላሳው በረዶ እንዲወርድ ብርድና እርጥበት በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው፤ የጎጃም ወቅቶች ግን ሁለቱን ያራርቋቸዋል። ብርዱ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ስትለቅ ነው፤ ያን ጊዜ በደጋው ሣር ላይ ውርጭ ያድራል እንጂ የሚዘንብ ደመና አይገኝም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ደመናው የምድሩን ሙቀት ያግታል፤ የአየሩ ቅዝቃዜም ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የጮቄ ተራራ ጫፍ እንኳ 4,100 ሜትር ግድም ነው። ከዚያ የሚበልጠው ራስ ዳሸን አልፎ አልፎ ለስላሳ በረዶ ያያል፤ በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ ተጽፎ የነበረው ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፍም ስለ ስሜን ተራሮችና ሰው እስከ ጉልበቱ ስለሚሰምጥበት በረዶ ያወራል። የጎጃሙ በረዶ ግን አመጣጡ ሌላ ነው።

ቀትር ላይ ምድሩ ሲሞቅ እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ ይነሣና ከፍ ያለ ጥቁር ደመና ይሠራል። በደመናው ውስጥ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዘው ገና ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች ይኖራሉ፤ እነዚህ የበረዶ ፍሬ ሲነካቸው ወዲያው ይረጉበታል፣ ፍሬውም ነፋሱ ሊሸከመው እስኪያቅተው ድረስ ይወፍራል። ተለቅ ያለውን ፍሬ በቢላ ለሁለት የከፈለ ሰው ነጭና ጥርት ያሉ ቀለበቶች ተደራርበው ያያል። ፍሬው ወደ ታች ሲወርድ ስለሚቀልጥም፣ በጮቄ ግርጌ ባሉት በረቡዕ ገበያና በድጓ ጽዮን ሳይሟሟ መሬት የመድረስ ዕድሉ ከባሕር ዳር ይልቅ ሰፊ ነው።

በከተማ መጀመሪያ የሚሰማው ቆርቆሮው ነው። በክፍል ውስጥ የመምህሩ ድምፅ ይዋጣል፣ በሱቅ ደጃፍ የተጠለለው መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ጋር በጩኸት ያወራል። ልጆች ሳህንና ጣሳ ይዘው ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ከጣሪያው እየተንከባለለ በጠፈጠፉ ስር እንደ ጨው የተከመረውን እያፈሱ ይበላሉ፣ በአንገት በኩል በጓደኛ ልብስ ውስጥ ይከታሉ። አዋቂውም ዛሬ ስልኩን አውጥቶ ግቢውን ያነሣል፤ ፎቶውን ያየ የሩቅ ዘመድ አውሮፓ ሊመስለው ይችላል። ፀሐይ ስትመለስ ሁሉም ውሃ ይሆናል፤ የሚቀረው የተደፈነ ቦይና የተቦጫጨቀ የጓሮ ጎመን ነው።

ይህ ደስታ የከተማ ደስታ ነው። ለገበሬው በረዶ ማለት የዓመት ልፋት በአንዲት ከሰዓት በኋላ መጥፋት ሲሆን፣ በተለይ ስንዴና ገብስ ዛላ ሲያወጡ፣ ባቄላም ሲያብብ ከመጣ ጉዳቱ የከፋ ነው። ጤፍ አገዳው ቀጭን በመሆኑ ይጋሽባል፣ የደረሰውም ፍሬው ይረግፋል፤ ድንች ግን ቅጠሉ ቢቆራረጥም ሥሩ አፈር ውስጥ ስለሆነ አንዳንዴ ያገግማል። በብዙ የጎጃም አጥቢያዎች እንደ ሚካኤል፣ ማርያምና በዓለ እግዚአብሔር ባሉ ወርኃዊ በዓላት ማረስና ማጨድ የተነወረ ሲሆን፣ በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያስመታል ተብሎ ይታመናል። ቅጣቱ በአጥፊው ማሳ ብቻ አይቆምም ስለሚባል፣ አንድ ሰው በሬ ቢጠምድ ጎረቤቱ ይቆጣዋል፣ ነገሩም ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። የደመናው አሠራር ይህን እምነት ባይደግፈውም፣ ሥርዓቱ የአካባቢውን ሰው የጋራ የዕረፍት ቀን አስከብሮ ማቆየቱ አይካድም።

ሰብሉ በክረምቱ መውጫ ላይ የተመታበት የወይና ደጋ ገበሬ፣ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ከሆነ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ሊዘራበት ይችላል። የጮቄ ደገኛ ግን ዝናቡ እንዳበቃ ውርጭ ስለሚከተለው በዚያው ዓመት ዳግመኛ የመዝራት ዕድሉ ጠባብ ነው።