የድረሱልኝ ጥሪና የፖሊስ ሬዲዮ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ አደጋ ሲደርስ እርዳታ የሚጠራው በኡኡታ፣ በስልክ ወይም በፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ ነው። ዳርቻ ስንል እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞና ካራ ያሉትን ሰፈሮች ነው።

ኡኡታው ከሁሉም ይቀድማል። አንዱ ሲጮህ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ሰምቶ ያልወጣ ደግሞ በማግስቱ ይታማል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጥበቃ ፊሽካ ይታከልበታል። በስልክ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሬዲዮው ከስልክ የሚለየው አንዱ ሲናገር በመስመሩ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ስለሚሰማ ነው። ቅርብ ያለው ፓትሮል ሳይጠሩት ይደርሳል። ችግሩ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ካወራ ሌላው መናገር አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ወሬ አያስፈልግም፤ ኮድ የመጣውም ከዚህ ነው።

በዓለም የታወቀው በ10 የሚጀምረው የአሜሪካኖች ኮድ ነው። መነሻው በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ ሲሆን፣ ፈጣሪው የሬዲዮ ባለሙያው ቻርልስ ሆፐር እንደሆነ ይነገራል። የዚያን ጊዜ ሬዲዮ ቁልፉ ተጭኖ ኃይል እስኪያገኝ ትንሽ ይዘገያል፤ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል። «አስር» መጀመሪያ ከተባለ ግን የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ዋናው ቁጥር ይደርሳል። ብልህ ሥራ ነው። 10-4 «ሰምቻለሁ»፣ 10-33 «አስቸኳይ» ሆነ። ቆይቶ ግን እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ትርጉም ሰጠው። በኒው ዮርክ 10-13 «ፖሊስ ችግር ላይ ነው፣ ድረሱ» ማለት ሲሆን በመጀመሪያው ዝርዝር ስለ አየርና መንገድ ሁኔታ መጠየቂያ ነበር። ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ አደጋ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለጋራ ሥራ ግልጽ ቋንቋ ተጠቀሙ እያለ ነው።

የእኛ ፖሊስ በአዋጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ባልደረቦቹን ለረጅም ዘመን ያፈራው አንጋፋው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሰንዳፋ ይገኛል። የሬዲዮ ኮድ ዝርዝር አደባባይ አይሰጣም፤ ባይሰጣም ይሻላል።

የዳርቻው ፈተና ከኮዱ ይልቅ አድራሻው ነው። «ብሎክ 47፣ ሁለተኛ ፎቅ» ካሉ አለቀ። ጨረቃ ቤት ውስጥ ግን «ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ነው። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ሁለት ሊሆን ይችላል። መሬቱም አያግዝም፤ የሬዲዮው ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታና ሸለቆ ይጋርደዋል።

ወሰኑም አለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባና ኦሮሚያ ሲስማሙ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ተካለለ፤ ብዙ አከራክሯል፣ አንዳንድ ነዋሪ ዛሬም ያማርራል። በመንገዱ አንዱ ወገን ያለው ሰው የሚጠራው ፖሊስ ከማዶ ካለው ይለያል ማለት ነው። ስለዚህ ደዋይ መጀመሪያ የሚናገረው ያለበትን ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ኔትወርኩ መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ፓትሮሉ የት እንደሚሄድ ያውቃል።