ኦልድ ኮርስ፦ አስራ ስምንቱ ሆሎች እንዴት ይመታሉ

ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሰሜን ባሕር ዳር፣ ሴንት አንድሩስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የጎልፍ ነገር ሲነሳ ስሟ ቀድሞ ይጠራል። ምክንያቱ ኦልድ ኮርስ የሚባለው ሜዳዋ ነው። ሜዳውን መጀመሪያ ያየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ይኼ ነው እንዴ?» ይላል። ዛፍ የለው፣ ሐይቅ የለው፣ ወጣ ገባ ያለ የሣር መሬት ብቻ። አሜሪካዊው ሳም ስኒድ በ1946 ዘ ኦፕን ለሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር ሲመጣ በባቡር መስኮት አይቶት የተተወ ሜዳ መስሎት ነበር። ያንኑ ውድድር አሸንፎ ሄደ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚህ በታች የሚነሳውም ውድድር ያው ዘ ኦፕን ነው።)

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ሆል የምንለው ከመነሻው እስከ ባንዲራው ያለውን ሙሉ መንገድ ነው። ኳሷ የምትገባበትን ግን «ጉድጓድ» እንለዋለን። ፌርዌይ የታጨደው መንገድ፣ ግሪን ባንዲራው የተተከለበት ለስላሳ መደብ፣ ባንከር ደግሞ አሸዋ የሞላበት ወጥመድ ነው። ፓር ለአንድ ሆል የተመደበው የምት ቁጥር ነው። በአንድ ምት ቀድሞ የጨረሰ በርዲ፣ በሁለት የቀደመ ኢግል አገኘ ይባላል። ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል።

ኦልድ ኮርስ ፓሩ 72 ነው። 112 ባንከሮች አሉት። ቅርጹ የእረኛ ከዘራ ይመስላል፤ ከከተማው ተነስቶ ይርቃል፣ ጫፉ ላይ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። በፊት አንድ ዙር 22 ሆል ነበር። በ1764 የመጀመሪያዎቹ አራት ሆሎች ወደ ሁለት ተጠቃለሉና 18 ሆነ። ዛሬ ዓለም በሙሉ 18 ሆል የሚጫወተው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሌላው ልዩ ነገር ግሪኖቹ ናቸው። ከአራቱ በስተቀር ሁሉም ጥንድ ናቸው፤ አንዱን መደብ ሁለት ሆሎች ይጋሩታል። ቁጥራቸው ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይመጣል፦ 2ኛው ከ16ኛው፣ 5ኛው ከ13ኛው፣ 8ኛው ከ10ኛው ጋር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሜዳው ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ስለሚዞር፣ ሲሄዱም ሲመለሱም የሜዳው ዳር በስተቀኝ ነው። እሾሃማው ቁጥቋጦ፣ አጥሩና ኳስ የማይመለስበት ክልል የሚበዛው እዚያው ነው። በስተግራ ደግሞ የሌላው ሆል ፌርዌይ አለ፤ ሰፊ ነው፣ ብዙ አይቀጣም። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ወደ ግራ ምታ»። ምክሩ ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ወደ ግራ የመታ ሰው ኳሱን ያተርፋል፣ ማዕዘኑን ግን ያጣል። ቀጣዩን ምት ባንከር አሻግሮ፣ በማይመች አቅጣጫ መምታት ይኖርበታል። ግሪኑ ከቀኝ በኩል ነው ፊቱን የሚሰጠው። እዚህ ሜዳ ላይ ብልሃት ማለት እያንዳንዱ ሆል ላይ ለማዕዘኑ ስንት እከፍላለሁ ብሎ መጠየቅ ነው።

1ኛው ሆል 376 ያርድ ነው። ፌርዌዩን ከ18ኛው ጋር ስለሚጋራ ስፋቱ ያስገርማል። እንዲህም ሆኖ ኋላ የቆመው ተመልካች እጅ ያንቀጠቅጣል። በስተቀኝ አጥር አለ፤ ካለፈች ኳሷ ወጣች ማለት ነው። የመጀመሪያው ምት ረጅም መሆን የለበትም። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ስዊልከን የምትባል ትንሽ ጅረት ልክ ከግሪኑ ፊት ለፊት ታልፋለች። ባንዲራው ለጅረቷ ሲቀርብ ሰው ይጓጓል፤ ኳሷ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ባንዲራውን አልፎ ኋላ ማረፍ ይሻላል። ከኋላ ሁለት ጊዜ አንከባልሎ በፓር መውጣት ለመጀመሪያ ሆል መጥፎ አይደለም።

2ኛው ላይ ትምህርቱ በግልጽ ይጀምራል። በስተቀኝ ቁጥቋጦ፣ በስተግራ ቺፕስ የሚባል ባንከር አለ። 3ኛው ላይ ደግሞ ካርትጌት የተባለው ትልቅ ባንከር የግሪኑን ግራ ፊት ዘግቶታል። ከግራ የመጣ ሰው ባንከሩን ማሻገር ግድ ይሆንበታል። ከቀኝ የመጣ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ መሬት ለመሬት ማንከባለል ሁሉ ይችላል። ወደ ቀኝ መድፈር የሚያዋጣው እዚህ ነው፣ ሆሉ አጭር ስለሆነ። 4ኛው ረጅም ነው። ከግሪኑ ፊት ጉብታ አለ፤ ኳሷን ወዳልታሰበ ቦታ ይገፋታል። በፓር ካለፉ ተመስገን ነው።

5ኛው ከሁለቱ ፓር አምስቶች የመጀመሪያው ነው። በስተቀኝ ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉ ባንከሮች ተደርድረዋል። እዚህ ያለ ምንም ክርክር ወደ ግራ። ግሪኑ ከ13ኛው ጋር የተጋራ ሲሆን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ግሪን ላይ ደረስኩ ብሎ የተደሰተ ሰው ከጉድጓዱ በጣም ርቆ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ባንዲራው ፊት ነው ወይስ ኋላ የሚለውን ማወቅ ከምቱ እኩል ዋጋ አለው።

6ኛው ላይ መነሻው ላይ ቆሞ የሚታየው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ፌርዌዩ አይታይም። ካዲ የሚባለው ዱላ ተሸካሚና መካሪ ገንዘቡን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ «ያቺን ነጥብ እያት፣ በሷ ላይ ምታ» ይላል፣ ማመን ነው። ከግሪኑ ፊት ጎድጎድ ያለ ቦታ ስላለ ኳስን ከፍ አድርጎ ከመጣል ዝቅ አድርጎ ማንከባለል ብዙ ጊዜ ያዋጣል። 7ኛው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ መንገዱም ከ11ኛው ጋር ይሻገራል፤ ስለዚህ ግራ ቀኝ አይቶ መምታት ነው፣ እንደ መስቀለኛ መንገድ። ከግሪኑ ፊት ሼል የሚባል ግዙፍ ባንከር ተኝቷል። አጭር መምታት አይቻልም።

8ኛው ፓር ሦስት ነው። ባንከሩን አልፎ ማረፍ፣ በቃ። 9ኛውና 10ኛው አጫጭርና ለጥ ያሉ ናቸው። ልበ ሙሉ ተጫዋች ነፋስ ካገዘው በአንድ ምት ግሪን ሊደርስ ይችላል። በርዲ የሚሰበሰበው እዚህ አካባቢ ነው። በ2022 ሮሪ ማኪልሮይ በሦስተኛው ቀን 10ኛው ላይ ከባንከር ውስጥ መትቶ ቀጥታ ጉድጓድ አስገብቷል፤ ኢግል።

11ኛው ላይ ቆም እንበል። ፓር ሦስት ነው፣ ከኋላው የኤደን ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ሜዳ ይታያል። ግሪኑ ከኋላ ወደ ፊት በጣም ያዘቀዝቃል። በቀኝ ፊት ስትራት፣ በግራ ሂል የሚባሉ ጥልቅ ባንከሮች ይጠብቁታል። ከኋላ የቀረ ሰው ቁልቁል ማንከባለል አለበት፤ ኳሷ ካመለጠችው ተንከባልላ ባንከር ልትገባ ትችላለች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ጥሩው ቦታ ከጉድጓዱ በታች ነው፣ ግሪኑ ላይ ሳይደርሱ ትንሽ ማጠር እንኳ ኋላ ከመቅረት ይሻላል። አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ በ1921 ገና ወጣት ሳለ እዚሁ ሆል ላይ ባንከር ውስጥ ገብቶ ተናደደና ዙሩን አቋርጦ ወጣ። በኋላ ሜዳውን ወደደው፣ በ1927ም እዚያው ዋንጫ አነሳ። የ10ኛው ሆል ስም ዛሬ ቦቢ ጆንስ ነው።

12ኛው 350 ያርድ አካባቢ ነው፤ ከመነሻው ሲታይ ምንም ወጥመድ የለበትም። ውሸት ነው። ባንከሮቹ መሐል ፌርዌይ ላይ አሉ፣ ግን ፊታቸው ወደ ሌላኛው ወገን ስለሆነ አይታዩም። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፦ ድሮ ሜዳው በተቃራኒው አቅጣጫም ይጫወቱበት ነበር። ከዚያ ወገን ለሚመጣ ሰው ባንከሮቹ ወለል ብለው ይታያሉ። ካርታ ሳይዙ ይህን ሆል መምታት ዓይን ጨፍኖ መንገድ እንደመሻገር ነው። 13ኛው ላይ ደግሞ የሬሳ ሳጥን የሚል ስም የተሰጣቸው ባንከሮች አሉ። ስሙ ይበቃል፤ ከነሱ መራቅ ነው።

14ኛው ሎንግ ይባላል፣ በውድድር ጊዜ ከ600 ያርድ ያልፋል። በስተቀኝ ግንብ፣ ከግንቡ ወዲያ ወጣ። በስተግራ ቢርዲስ የሚባሉ ትንንሽ ክፉ ባንከሮች። በመካከላቸው ያለው ለጥ ያለ ፌርዌይ ኢሊዥያን ፊልድስ ይባላል፣ የገነት መስክ እንደማለት ነው። ከገነቱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሄል፣ ማለትም ሲኦል ነው። ሄል ባንከር ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ስፋቱም ክፍል ያክላል። ሁለተኛውን ምት የሚመታ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። ርቀቱን ከተማመነ ማሻገር፣ ካልተማመነ ከሱ በፊት ማቆም፣ አለበለዚያ ወደ ግራ ወደ 5ኛው ፌርዌይ መሸሽ። እንደኔ እንደኔ ሦስተኛው ነው የሚሻለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ጃክ ኒክላውስ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው፣ በ1995 ከሄል ለመውጣት አራት ምት ፈጅቶበት ሆሉን በ10 ጨርሷል።

15ኛው ላይ ሁለት ጉብታዎች ከሩቅ ይታያሉ። በአንዲት ወይዘሪት ደረት የተሰየሙ ናቸው፤ ሙሉ ስማቸውን ካዲዎቹ በደስታ ይነግሯችኋል። በመካከላቸው ማለም ነው። 16ኛው ግን ያሳስባል። መሐል ፌርዌይ ላይ የርዕሰ መምህሩ አፍንጫ የሚባሉ ሦስት ባንከሮች ተሰባስበዋል። በስተቀኝ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረበት አጥር አለ። በአፍንጫውና በአጥሩ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፣ ግን ግሪኑን ከፍቶ ያሳያል። በስተግራ ሰላም ነው፣ ግን ግሪኑ ፊት ሌላ ባንከር ይጠብቃል። የሜዳው ጥያቄ በአንድ ሆል ተጠቃልሎ የቀረበው እዚህ ነው። እየመራ ያለ ሰው ወደ ግራ ይሂድ። እየተከተለ ያለ ሰው ያስብበት።

እና 17ኛው፣ ሮድ ሆል። 495 ያርድ ሆኖ ፓሩ አራት ነው። መነሻው ላይ ሲቆሙ ፊት ለፊት የሆቴል መጋዘን አለ። ኳሷን በመጋዘኑ ጣሪያ ላይ አሻግሮ መምታት ነው። ግድግዳው ላይ የሆቴሉ ስም ተጽፏል፤ ካዲው የትኛው ፊደል ላይ እንደሚታለም ይነግራል። ወደ ቀኝ በደፈሩ ቁጥር መንገዱ ያጥራል፣ ሆቴሉ ግን ከክልል ውጭ ነው። ወደ ግራ ከሸሹ ደግሞ ሁለተኛው ምት በመጥፎ ማዕዘን ይመጣል። ግሪኑ ጠባብና አግድም የተቀመጠ ነው። ግራ ፊቱ ላይ ሮድ ባንከር አለ፤ ትንሽ ናት፣ ግድግዳዋ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ዙሪያዋ ያለው መሬት ወደሷ ስለሚያዘነብል ኳስ ትስባለች። ከግሪኑ ኋላ አስፋልት መንገድ፣ ከመንገዱ ወዲያ የድንጋይ ግንብ። በ1984 ቶም ዋትሰን ሁለተኛውን ምት አብዝቶ መንገዱን አሻገራት፣ ግንቡ ሥር አረፈች። ዋንጫው የሴቬ ባልስቴሮስ ሆነ።

በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪን ላይ ነበር። በቀስታ አንከባለላት። ኳሷ ዞረችና ባንከር ውስጥ ገባች። ለመውጣት አራት ምት፣ ሆሉን በ9። ስለዚህ አስተዋይ ተጫዋች በሁለተኛው ምት ባንዲራውን አያይም። ከግሪኑ ቀኝ ፊት አጠር አድርጎ ያሳርፋል፣ ከዚያ ያንከባልላል። አምስት ቢወጣለትም አይከፋም።

በ2022 የመጨረሻ ቀን አውስትራሊያዊው ካሜሮን ስሚዝ በአንድ ምት እየመራ እዚህ ደረሰ። ሁለተኛው ምቱ አጥሮ ወደ ግራ ቀረ። በሱና በባንዲራው መካከል ሮድ ባንከር አለ። ሌላ ሰው ከፍ አድርጎ ለማሻገር ይሞክር ይሆናል። እሱ ግሪን ላይ ብቻ የሚያዘውን ዱላ፣ ፑተሩን አወጣ። ኳሷን ከባንከሩ ጎን ባለው ተዳፋት ላይ ሰደዳት። ወጣች፣ ባንከሩን ዞረች፣ ግሪኑ ላይ ቆመች። ከዚያ አስገባት። ፓር። በአንድ ምት ልዩነት አሸነፈ።

ባንከር መሸሽ ምን እንደሚያተርፍ ያሳየ ሌላ ሰው ታይገር ዉድስ ነው። በ2000 በአራቱ ቀናት፣ 72 ሆል ሙሉ፣ ከ112ቱ አንዱም ባንከር ውስጥ አልገባም። በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ።

18ኛው ከዚህ ሁሉ በኋላ እረፍት ይመስላል። 357 ያርድ፣ አንድም ባንከር የለውም። በስተቀኝ የከተማው መንገድና ሕንፃዎች ስላሉ ወደ ግራ፣ ወደ ክለቡ ሕንፃ ሰዓት መምታት ነው። ግሪኑ ፊት ግን የኃጢአት ሸለቆ የሚባል ጎድጓዳ መሬት አለ። አጥራ የመጣች ኳስ ተንሸራታ እዚያ ትገባለች። ስለዚህ የሚመከረው ባንዲራውን አልፎ ማረፍ ነው፣ ልክ እንደ 1ኛው። እሱም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በ1970 ዳግ ሳንደርስ ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ቀርቶት ሳተና በማግስቱ በኒክላውስ ተሸነፈ።

በ1995 ጣሊያናዊው ኮስታንቲኖ ሮካ ከጆን ዴሊ ጋር እኩል ለመሆን እዚህ በርዲ ያስፈልገው ነበር። ኳሱን ግሪኑ አጠገብ አደረሳት። ከዚያ አበላሻት፣ ኃጢአት ሸለቆ ውስጥ ተንከባለለች። ፑተሩን ይዞ ከሸለቆው ሥር መታት። ሽቅብ ወጣች፣ ግሪኑን አቋረጠች፣ ገባች። ሮካ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሣሩን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ከዚያ አሸናፊውን ለመለየት በአራት ተጨማሪ ሆሎች ተጫወቱ። ሦስተኛው 17ኛው ሆል ነበር። ሮካ ሮድ ባንከር ገባ፣ ለመውጣት ሦስት ምት ፈጀበት።