ፍጥሞ፦ የደሴቲቱ ኑሮና የእንግዳ ቆይታ

ፍጥሞ በግሪክ ደቡብ ምሥራቅ፣ በኤጅያን ባሕር ላይ ከተዘረጉት የዶዴካኔስ ደሴቶች አንዷ ስትሆን፣ ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የነዋሪዎቿም ቁጥር ወደ 3,000 ይጠጋል። የአማርኛ አንባቢ ስሟን ከዮሐንስ ራእይ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያውቀዋል፤ ዓሣ የሚጠመድባት፣ ዳቦ የሚጋገርባት፣ ሠርግና ልቅሶ ያለባት የዛሬ ደሴት መሆኗ ግን በቋንቋችን እምብዛም አልተጻፈም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መንገደኛው ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ ተነሥቶ ስምንት ሰዓት ያህል በመርከብ ይጓዛል፤ አለዚያም እስከ ኮስ ወይም እስከ ሳሞስ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ በባሕር ይሻገራል። በትልልቅ የሽርሽር መርከቦች የሚመጡ እንግዶች ዮሐንስ ራእዩን ተቀበለበት የሚባለውን ዋሻና በስሙ የተሠራውን ገዳም አይተው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይመለሳሉ፤ የሕዝቡን ኑሮ ማየት የሚሻ ሰው ግን ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ሊያድር ይገባዋል።

ኑሮው በሁለት ስፍራዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ስካላ ወደቡ ነው፤ ገበያው፣ ቡና ቤቱና የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች በዚያ ይገኛሉ። ኾራ ደግሞ በኮረብታው ራስ ላይ ገዳሙን ከብባ የተሠራች፣ በኖራ የነጡ ቤቶችና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሏት ጥንታዊት ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው በድንጋይ የተነጠፈ አሮጌ የእግር መንገድ በዋሻው በኩል ስለሚያልፍ፣ ጉልበት ያለው እንግዳ በመኪና ፋንታ በእግሩ ቢወጣ ይመረጣል። በእነርሱ በጋ (በእኛ ክረምት) ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ በዚያ ሰዓት መጮኽም ሆነ የሰው በር ማንኳኳት እንደ ነውር ይቆጠራል። ማታ ፀሐይ ስትበርድ ቤተሰቡ ሁሉ ከነልጆቹ ወጥቶ በወደቡ ዳር ይንሸራሸራል፤ እራት የሚቀርበውም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወዲያ ነው።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ወንጌላዊው ዮሐንስ በሮሙ ንጉሥ በድምጥያኖስ ዘመን፣ በ95 ገደማ፣ ወደዚህች ደሴት ተግዞ ራእዩን ተቀብሏል። ራእዩን የጻፈው ዮሐንስ ሌላ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን የእኛዋም ጭምር በትውፊታቸው ጸንተዋል። ግሪኮች ስፍራውን «የአፖካሊፕሲስ ዋሻ» ሲሉ የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ አባቶቻችን ዮሐንስን አቡቀለምሲስ ያሉት ከዚሁ ቃል መሆኑን ወዲያው ይረዳል። የዋሻው ጣሪያ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ይህም የሥላሴ ምልክት ነው ይላሉ። ከግርጌው በብር የተከበበ ጎድጓዳ ስፍራ አለ፤ ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት እንደ ነበር፣ ቃሉን እየተቀበለ የጻፈውም ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ እንደ ሆነ ይተረካል።

በ1088 የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት አሌክስዮስ ቀዳማዊ ደሴቲቱን በሙሉ ክሪስቶዱሎስ ለተባለ መነኩሴ የወርቅ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ሰጠ። እርሱም የባሕር ወንበዴን የሚመክት፣ ከሩቅ ሲታይ ምሽግ የሚመስል የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም መሠረተ። ገዳሙ እስከ ዛሬ በቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሥር ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ከሚጠበቁት ቅርሶች መካከል፣ ሐምራዊ በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈው የስድስተኛው መቶ ዓመት የማርቆስ ወንጌል 33 ቅጠሎች ይገኙበታል። በ895 የተጻፈ የፕላቶን መጽሐፍም ነበረው፤ እርሱን ግን እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ክላርክ በ1801 ወሰደው። ገዛው የሚሉ አሉ፤ የአገሩ የብራና መጻሕፍት በባዕድ ቤት ተበትነው ለሚያይ ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከኦቶማን አገዛዝ በኋላ ደሴቲቱ በ1912 በጣልያን እጅ ወደቀች፤ በ1948 ከግሪክ ጋር ተዋሐደች። ዩኔስኮ ኾራን፣ ገዳሙንና ዋሻውን በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

የደሴቲቱ ዓመት በበዓላት ይቈጠራል። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት በኾራ አደባባይ አበ ምኔቱ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ፣ ፎጣ ታጥቆ፣ የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር በሕዝብ ፊት ያጥባል፤ የጴጥሮስን ቦታ የያዘው መነኩሴ «አይሆንም» ብሎ ሲከላከል ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይመለከታል። ትንሣኤያችን ከእነርሱ ጋር አንድ ቀን ስለሚውል፣ በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ አጥቢያዎችም ሕጽበተ እግር ይፈጸማል።

ስለ ፍልሰታ ግን አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ግሪኮች ጾሙን ኦገስት 1 ጀምረው በ15ኛው ቀን ይፈታሉ፤ ያ ቀን በእኛ ነሐሴ 9 ነው። ስለዚህ በመንደሮቹ የፍየል ወጥ ሲወጣ፣ ቫዮሊን ሲመታና ሕዝቡ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጨፍር፣ ኢትዮጵያዊው እንግዳ ገና በጾም ላይ ነው። በጾማቸው ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ስለሚበሉ «የጾም ነው» ተብሎ የቀረበውን ሁሉ መጠየቅ ይበጃል። ሽምብራ፣ በሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በየምግብ ቤቱ አይጠፋም። ደሴቲቱ የምትታወቅበት የአይብ ኬክ እስከ ፍስኩ መቆየት አለበት፤ ፑንጊያ የሚሉት፣ አልሞንድና ዋልነት በማር ተለውሶ በቀጭን ሊጥ እንደ ከረጢት የሚቋጠረው ጣፋጭ ደግሞ ሊጡ ቅቤ እንዳለው ጠይቆ መግዛት ይሻላል።