ጉራማይሌ ማለት ዝብርቅርቅ ማለት አይደለም

እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 እ.ኤ.አ. «ጂጂ» የተባለውን አልበሟን ስታወጣ የውጭ አገር ሃያሲያን በጣም አደነቁት። አገር ቤት ግን አከራከረ። ብዙ ሰው ዛሬም በአንዱ ዘፈኑ ስም «ጉራማይሌ» እያለ ነው የሚጠራው። ልጅቷ የቻግኒ ልጅ ናትና ባሕር ዳር ቡና ላይ ስሟ ከተነሳ አስተያየት የሌለው ጎጃሜ የለም። ከምሰማቸው ውስጥ ጥቂቱ ግን መታረም አለበት።

«ስሙም ጉራማይሌ ነው፤ ቅጥ የለውም»

ይቺ አባባል በጣም ታሳዝነኛለች። ዛሬ ጉራማይሌ የምንለው እንግሊዝኛ የተቀየጠበትን አማርኛ ለመንቀፍ ነው። አያቴ ድድ ላይ ያየሁት ጉራማይሌ ግን ጌጥ ነበር። ድዷ በሙሉ አልተነቀሰም። አንዱ ጥርስ ሥር ጠቁሯል፣ ቀጥሎ ያለው ቀይ እንደሆነ ተትቷል፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር። ነቃሿ ቆጥራ ነው የሠራችው። አያቴ ስትስቅ ዓይን የሚይዘው ይኸው መፈራረቁ ነበር።

አልበሙንም በዚህ ጆሮ ስሙት። ከሥር የሬጌ ቤዝ እየተራመደ፣ ጃዙ ገባ ወጣ ይላል፣ ከላይ የጂጂ ድምፅ እንደልቡ ይንሳፈፋል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። በአንድ መስማት ላይገባ ይችላል። እኔም መጀመሪያ ቀን ግማሹ ላይ አቁሜው ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው የያዘኝ።

«ፈረንጆች ሠርተው የሰጧት ነው»

ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ እውነት ነው። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮአ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። የጃዝ ቁንጮዎች ናቸው። ግን እነሱ የመጡት እሷን ለማጀብ ነው። «ካህን»፣ «አባይ»፣ «ባለ ዋሽንቱ» የሚሉ ዘፈኖች ከኒውዮርክ አይበቅሉም። ጂጂ የቤተ ክርስቲያን ዜማን በልጅነቷ ቤታቸው ከሚመጣ ቄስ እንደተማረች ይታወቃል። ያ ዜማ ጉሮሮዋ ውስጥ አለ፤ ማንም ፈረንጅ አላስገባላትም።

«የጎጃም ዘፈን ንጹሕ ነበር፤ እሷ ደባለቀችው»

ይህን የሚል ሰው ቻግኒን አያውቃትም። ከተማዋ አዊ ውስጥ ናት። ገበያ ቀን አማርኛውም አገውኛውም ይሰማል። ወደ መተከል ወረድ ሲሉ ደግሞ ጉሙዝኛ አለ። እዚያ ያደገ ልጅ ጆሮው ገና በልጅነቱ ብዙ ድምፅ ለምዷል። እኔ እንደሚመስለኝ ጂጂ ባዕድ ድምፅ ያላስደነገጣት ለዚህ ነው።

«ቅልቅሉን የጀመረችው እሷ ናት»

አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የእኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ጋር አዋሕዷል። ከዚያም በፊት፣ በ1924 እ.ኤ.አ.፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ ገብተዋል።

«ጂጂን መንቀፍ ነውር ነው»

ይህ የሚመጣው ከወዳጆቿ ነው። ፍቅሩ ይገባኛል። ግን ሂስን ከስድብ መቁጠር ለጎጃም አይመጥንም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶችን ያፈራ አገር ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ መምህሩ ፊት ይነግራል። ቤት ቢጎድል፣ ምሥጢሩ ቢላላ እዚያው ጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ተሰደብኩ አይልም። ነገ የተሻለ ቆጥሮ ይመጣል።

ስለዚህ የእኔንም ልንገራችሁ። አንዳንድ ዘፈን ላይ ቤዙ ድምፅዋን ይጫነዋል። ቃሉን ለመያዝ ጆሮዬን ማስጠጋት አለብኝ፤ ጂጂን የሚያህል ግጥም ያላት ዘፋኝ ደግሞ ቃሏ ሲያመልጥ ያንገበግባል። «ዓድዋ» ላይ ግን አጃቢው ረጋ ብሎ ቦታ ለቆላታል። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ትሰማለች።