አይጧን ያሻላት ክኒን፦ ስለ ኬሞ ነርቭ ሕመም የሚነገሩና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ኬሞ (በመድኃኒት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና) የጀመረ ሰው ቤት ምክር አይጠፋም። አንዱ ጠያቂ ጥቁር አዝሙድ በማር ይዞ ይመጣል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ የታሸገ ክኒን ይልካል። እጅና እግር መደንዘዝ ሲጀምርማ «አንቲኦክሲዳንት ነው መድኃኒቱ፤ ጥናት አለ» የሚለው ይበዛል። ጥናቱ በእርግጥ አለ። የተጠናው በማን ላይ ነው? ጥያቄው እሱ ነው።

«ደም አንሶኝ ነው፤ በደንብ ስበላ ይለቀኛል።»

ላይሆን ይችላል። ፓክሊታክሰል፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ሲስፕላቲንና ቪንክሪስቲን የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ራሳቸው ነርቭ ይጎዳሉ። ረጅሙ ነርቭ ቀድሞ ስለሚጎዳም መደንዘዙ፣ ማቃጠሉና መጠቅጠቁ ብዙ ጊዜ ከእግር ጣት ይጀምራል።

«በአይጥ ላይ ሠርቷል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የነርቭ ሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ኬሞው እነሱን ሲጎዳ ሴሉን የሚያውኩ የኦክስጅን ውላጆች ይበዛሉ። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው እነዚህን የሚያረክስ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ለአይጥ ኬሞ ይሰጡና መዳፏን ከሥር በቀጭን ክር ጫን ያደርጋሉ፤ ቶሎ እግሯን ከሰበሰበች አሟታል ማለት ነው። ቫይታሚን ኢ፣ አልፋ ሊፖይክ አሲድ፣ ሜላቶኒን ወይም አሴቲል ኤል ካርኒቲን የተሰጣቸው አይጦች በብዙ ሙከራዎች የተሻለ ችለዋል። ይህ ውሸት አይደለም።

ግን አይጧ ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ወጣት፣ ካንሰር የሌለባት፣ ስኳርም ሆነ ሌላ በሽታ የማያውቃት። ኬሞውንም የምትወስደው ለጥቂት ቀናት ነው። ደግሞም የሰው ዋና አቤቱታ መደንዘዙ ነው፤ አይጥ «ደነዘዘኝ» አትልም።

በሰው ሲሞከር የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ የጡት ካንሰር ያለባቸውን 409 ሴቶች ይዞ ነበር። ግማሾቹ ከኬሞው ጋር አሴቲል ኤል ካርኒቲን በቀን 3 ግራም ወሰዱ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን። በ24ኛው ሳምንት የነርቭ ጉዳቱ የባሰባቸው ካርኒቲን የወሰዱት ሆኑ! እንደ እኔ፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ለዘመድ ቢነገር ይኼኛው ይበቃል። ቫይታሚን ኢም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሙከራ 207 ሰዎች ላይ ታይቶ መደንዘዙን አልተከላከለም።

«ባይጠቅም አይጎዳም፤ ቫይታሚን አይደል?»

ካርኒቲኑን አይተናል። ብዙ ሰው «የነርቭ» እያለ ከፋርማሲ የሚገዛው የቫይታሚን ቢ ስብስብም አለ። በውስጡ ያለው ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሌላም ስጋት አለ። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች የካንሰሩን ሴል የሚገድሉት በከፊል በእነዚያው የኦክስጅን ውላጆች ነው። ነርቭን የሚከልል ነገር ካንሰሩንም እንዳይከልል ያሰጋል። ስለዚህ ከውጭ የተላከው ብልቃጥ ከመከፈቱ በፊት ሐኪሙ ይየው።

«እንግዲያው እርድ ወጥ ውስጥ መጨመርም ቀረ?»

ኧረ አልቀረም! ለአይጥ የሚሰጠው ከእርድ የሚወጣው ኩርኩሚን ነው፤ በእርድ ዱቄት ውስጥ ከ100 እጅ 3 ያህሉ ብቻ ነው። እሱም ከሆድ ወደ ደም በደንብ አይገባም። በወጥ ልክ ይብሉ፤ በሾርባ ማንኪያ እየቃሙ ግን መድኃኒት አያድርጉት።

«የጮቄ ብርድ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም።»

ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱን ይወጋዋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው ይታነቃል። በደጋው ጎጃም ሕመሙን ለመቀስቀስ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ፊት መታጠብ ይበቃል። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ውኃውን ማሞቅና ጓንት ማድረግ ይረዳል። የደነዘዘ እግር ግን እሳት አይሞቅም፤ መቃጠሉ አይታወቀውም። በባዶ እግር መሄድም ይቅር፣ እሾህ ቢወጋም አይሰማም።

«ኬሞው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።»

ለብዙዎች ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በሲስፕላቲንና በኦክሳሊፕላቲን ግን ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለወራት ሊብስ ይችላል። አንዳንዱ ላይም ጨርሶ ሳይለቅ ይቀራል።

«ብናገር ኬሞውን ያቋርጡብኛል።»

እትዬም ጋሼም ሕመሙን የሚደብቁት በዚህ ፍርሃት ነው። ሐኪሙ ግን ከማቋረጥ በፊት ሌላ መንገድ አለው፤ መጠኑን ይቀንሳል፣ ቀኑን ያራዝማል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። ለሕመሙም ዱሎክሰቲን የሚባል ክኒን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ ከባዶ ክኒን የተሻለ ሕመም ቀንሷል፤ ሁሉን አያድንም፣ መደንዘዙንም ያን ያህል አያጠፋም። «ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፣ ጫማዬ ሲወልቅ አይታወቀኝም» ብሎ በግልጽ መንገር ሐኪሙ መጠኑን እንዲወስን ይረዳዋል።